ዘራችሁን ለዩ፣ ስሙንም ጻፉ

(ማንበብና መጻፍ ለጨረሱ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



  

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወደ እናንተ የተላክሁት ፊደል ላስተምር ነው። እናንተ ደግሞ ፊደሉን ጨርሳችሁ፣ ማንበብም መጻፍም ጀምራችኋል። እንግዲህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «በዚህ ፊደል ምን እንሥራበት?» የሚል ነው። ደብዳቤ መጻፍ አለ፤ ደረሰኝ አንብቦ መረዳት አለ፤ የእድር ሒሳብ መያዝ አለ። እኔ ዛሬ ከእነዚህ ሌላ አንድ ሥራ ይዤ መጥቻለሁ። ሥራውም በጎታችሁ ውስጥ ያለውን ዘር ለይቶ ማወቅና ስሙን በጽሑፍ ማኖር ነው።

ከከተማ የመጣ ሰው የማሽላ ማሳ ዳር ቆሞ ቢመለከት የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ማሽላ። እናንተ ግን በዚያው ማሳ ውስጥ አምስት ስድስት ዓይነት ትቆጥራላችሁ። ይኸ ለእንጀራ ነው፤ ይኸ ለጠላ ነው፤ ይኸ ልጆች አገዳውን የሚመጡት ነው፤ ይኸኛው ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚደርስልን ነው ትላላችሁ። ይኸ ትልቅ ዕውቀት ነው። ችግሩ አንድ ነው፤ በአፍ ብቻ መኖሩ። አዋቂው ሽማግሌ ሲያልፍ ስሙም አብሮ ያልፋል። ስሙ ከተረሳ ዘሩን ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ጠያቂ ያጣ ዘር ደግሞ አንድ ቀን ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። በዚያው ጠፋ ማለት ነው።

በሰው አገር አበባ እንዴት እንደሚለይ

አስቀድሜ ከሩቅ አገር አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአውሮፓ ክረምቱ ብርድና በረዶ ነው። በረዶው ገና ሳይለቅ ከመሬት ብቅ የምትል አንዲት ትንሽ ነጭ አበባ አለች። ቁመቷ ከስንዝር ብዙም አይበልጥ፤ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች፤ ከመሬት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ አላት። ሊቃውንት ጋላንተስ ይሏታል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን «የወተት አበባ» እንደ ማለት ነው። አትበላም፤ ለከብትም መኖ አትሆንም። ሆኖም በእንግሊዝ አገርና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ዓይነቶቿን እየለዩ የሚሰበስቡ ብዙ ሰዎች አሉ። ዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች 20 ያህል ሲሆኑ፣ ሰው በየስማቸው የለያቸው ዓይነቶች ግን ከሺህ በላይ ናቸው።

ሁሉም ነጭ ከሆኑ በምን ይለዩአቸዋል? አበባዋ ስድስት ነጫጭ ቅጠል አላት። ሦስቱ ከውጭ ያሉ ረጃጅሞች፣ ሦስቱ ከውስጥ ያሉ አጫጭሮች ናቸው። በውስጠኞቹ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ያንን ምልክት ያያል። አንድ ነው ወይስ ሁለት? ጫፉ ላይ ብቻ ነው ወይስ እስከ ላይ ይደርሳል? አረንጓዴ ነው ወይስ ቢጫ? ከዚያም አበባውን ትቶ የተክሉን ቅጠል ያያል። ሁለቱ ቅጠሎች ከመሬት ሲወጡ ፊት ለፊት ጠፍጠፍ ብለው ገጥመዋል? ጠርዛቸው ወደ ኋላ ታጥፏል? ወይስ አንዱ ሌላውን እንደ ጋቢ ጠቅልሎታል? አበባው ቢመሳሰልም እንኳ በዚህ የቅጠል አወጣጥ ዋናው ዝርያ ይታወቃል።

ይኸ ሁሉ ምርመራ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ቢጫ ምልክት ያላት አንዲት ጋላንተስ፣ አንዷ ራስ ብቻ፣ ከ1,800 የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ ተሸጣለች።

እኛ ከእነዚህ ሰዎች የምንወስደው ገንዘቡን ሳይሆን አሠራሩን ነው። አሠራራቸው ሦስት ነገር አለው። አንደኛ፣ በአንድ ምልክት ብቻ አይፈርዱም። ሁለተኛ፣ በአንድ ዓመት አይፈርዱም። ዘንድሮ የታየው እንግዳ ምልክት በሚቀጥለው ዓመት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ሁለትና ሦስት ዓመት እያስበቀሉ ይጠብቃሉ። ሦስተኛ፣ ያዩትን ይጽፋሉ፤ በተክሉም አጠገብ የስሙን ምልክት ያቆማሉ። እነሱ ለዓይን ደስታ ይኸን ያህል ከደከሙ፣ እኛ ለእንጀራችን ምን ያህል ልንደክም ይገባናል?

ከዚህ አገር ስለ ወጣ ዘር

የእኛ ዘር በዓለም የታወቀ ነው። በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የሩሲያ ሊቅ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ይኸ ሰው በዓለም እየዞረ የእህል ዘር ይሰበስብ ነበር። በበቅሎ ተጉዞ የስንዴውን፣ የገብሱን፣ የጤፉንና የሌላውንም እህል ዘር ከገበሬው ማሳና ከገበያ ሰበሰበ። የዓይነቱን ብዛት ባየ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ የዓለም የእህል ዘሮች ከተገኙባቸውና ከበዙባቸው ጥቂት ዋና ዋና ሥፍራዎች አንዷ ናት ብሎ ጻፈ።

የቫቪሎቭ መጨረሻ ግን የሚያሳዝን ነው። በአገሩ መንግሥት ታስሮ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. በእስር ቤት ሞተ። የሰበሰበው ዘር የተቀመጠው ሌኒንግራድ በምትባል ከተማ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያችን ከተማ የጀርመን ጦር ወደ 900 ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ከበባት። ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። በዘር ቤቱ ውስጥ ግን ሩዙም፣ ስንዴውም፣ አተሩም በየከረጢቱ ነበር። ጠባቂዎቹ ሊቃውንት ያንን ዘር አልበሉም። ከመካከላቸው በረሃብ የሞቱ አሉ። «ይኸ ዘር ከጦርነቱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ነው» ብለው ነው። ዘር ማለት ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ይኸ ነገር አይገርመውም። በክፉ ቀን የዘር እህሉን ላለመንካት ጥርሱን ነክሶ የከረመ ገበሬ በዚህም ጉባኤ መካከል አይጠፋም።

ሌላም ልጨምር። ማሽላ ጥሩ እህል ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት። የልጅን አካል የሚገነባ ላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር በውስጡ አነስተኛ ነው። በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፣ ላይሲን በብዛት ያላቸው ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም የተገኙት ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ ነው። ፍሬያቸው ሲደርቅ ጎድጎድና ጨምደድ የሚል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። የወሎና የሰሜን ሸዋ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» እያለ በስም ለይቶ፣ እሸቱን እየጠበሰ ሲበላ ኖሯል። እስቲ ስሙን አስተውሉት! ሊቃውንቱ በመሣሪያ ያገኙትን ነገር ገበሬው በምላሱ አግኝቶት፣ በስሙ ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

ይኸ ማሽላ ግን ምርቱ አነስተኛ ነው። በቁና ብቻ የሚመዝን ሰው ይጥለዋል። ጥሎት ቢሆን ኖሮ ሊቃውንቱ ምን ያገኙ ነበር?

በገብስም እንዲሁ ነው። በካሊፎርኒያ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ፣ በክሽክሽ የሚተላለፍ በሽታ ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው። የእኛው ገብስ በሽታውን የሚችልበት ኃይል በዘሩ ውስጥ ስላለ፣ ከእነሱ ገብስ ጋር አዳቅለው አዳኑት።

አንድ ዘር ብቻ የዘራ አገር

በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ በምትባል አገር የደሃው ሕዝብ ምግብ ድንች ነበር። ያውም አብዛኛው ሰው የሚተክለው አንድ ዓይነት ድንች ነው። ምርቱ ብዙ ስለ ነበረ ሌላው ተተወ። ከዚያ አንድ በሽታ መጣ። ድንቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ አንዱን የገደለው በሽታ ሁሉንም ገደለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ ሞተ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ለመከራው መባባስ የአስተዳደር በደልም አለበት። መነሻው ግን የማሳው አንድ ዓይነት መሆን ነው።

የእኛ አገር አባቶች አምስት ዓይነት ማሽላ በአንድ ማሳ የሚዘሩት እንዲያው ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ዝናቡ ቢረዝም ረጅሙ ይሰጣል፤ ቢያጥር አጭሩ ይደርሳል፤ ግሪሳ ቢመጣ መራራው ይተርፋል። ሁሉም በአንድ ቀን አይጠፋም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለዘርም ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የሆነውን ታላላቆቻችሁ ታውቁታላችሁ። በወሎና በሌሎችም ቦታዎች የዘር ጎታው ሳይቀር ባዶ የሆነበት ቤት ብዙ ነበር። ከብት ቢያልቅ ከሌላ አውራጃ ይገዛል። ለዚያ አፈርና ለዚያ ዝናብ የለመደ ዘር ካለቀ ግን ከየት ይገዛል? ፋብሪካ አይሠራውም።

በአዲስ አበባ በ1976 እ.ኤ.አ. የእፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ተቋቁሞ ከየክፍለ ሀገሩ ዘር እየሰበሰበ በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ ጀመረ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ማዕከሉን ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መጠበቅ አለበት እያሉ ከገበሬው ጋር ሠሩ። ለዚህም ሥራቸው በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ነገሩ እውነት ነው። በቀዝቃዛ ክፍል ያለ ዘር ይተኛል፤ በማሳ ላይ ያለ ዘር ግን ከየዓመቱ ድርቅና ከየዓመቱ በሽታ ጋር እየታገለ ይማራል።

«ታዲያ ምርጥ ዘር የሚባለውን አንዝራ ነው የምትለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። ምርጥ ዘር ምርት የሚጨምርበት ቦታ አለ፤ ዝሩት። እኔ የምለው፣ አዲሱ እንግዳ ሲገባ የቤቱን ልጅ አታስወጡት ነው። አንድ ጥማድ ለአዲሱ ቢሰጥ፣ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ መሬት ለነባሩ ትቅር።

ማሽላን በምን እንለየው?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዘርን ለመለየት ማሳውን ቢያንስ አራት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፣ ተክሉ ቆሞ ሳለ። ቁመቱን ተመልከቱ፤ ከሰው ያንሳል ወይስ ከሰው ሁለት እጥፍ ይሆናል? የተዘራበትንና ያበበበትን ቀን ያዙ። በሚያዝያ ተዘርቶ ወራት የሚቆየው ሌላ ነው፤ የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር በሐምሌ የሚዘራው ሌላ ነው። ከዚያ ቅጠሉን ያዙና በመሐሉ የሚሄደውን ወፍራም መስመር እዩት። መስመሩ ንጹሕ ነጭ ከሆነ አገዳው ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። መስመሩ ደብዘዝ ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው ከሆነ አገዳው ውኃ አለው። ውኃ ያለው ሁሉ ግን ጣፋጭ አይደለም፤ እሱን የሚፈርደው ምላስ ነው። ጥንቅሽን ከሌላው ሳይቆርጡ ለመጠርጠር ይኸ ምልክት ይረዳል። እንደገና፣ ቅጠሉ በተባይ ወይም በግጭት በተጎዳበት ቦታ ምን ቀለም ያወጣል? አንዳንዱ ጥቁር ሐምራዊ፣ አንዳንዱ ደግሞ የገለባ ቀለም ያወጣል። ይኸ ከዘሩ የሚመጣ ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ ራሱ ሲወጣ። ራሱ እንደ ጡጫ የታጨቀ ነው ወይስ እንደ መጥረጊያ የተበተነ? ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ አንገቱ እንደ ዝይ ታጥፎ ቁልቁል ያያል? ይኸ ለመልክ ብቻ አይደለም። የተበተነው ራስ ዝናብ ሲመታው ቶሎ ስለሚደርቅ ለእርጥብ አገር ይሻላል። የታጨቀው ግን ውኃ ይይዛል፤ በውስጡ ትልና ሻጋታ ይደበቅበታል፤ ስለዚህ ለደረቅ አገር ይስማማል።

ሦስተኛ፣ ፍሬው ሲደርስ። ፍሬውን ያቀፈውን ቅርፊት እዩት። ጥቁር ነው፣ ቀይ ነው ወይስ የገለባ ቀለም ነው? ፍሬውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል ወይስ ግማሹን ብቻ? ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው በአውድማ ላይ ያስቸግራል። በጫፉስ እንደ ጢም ያለ ነገር አለው? ቀጥሎ የፍሬው ቀለም ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቡናማ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ቀለም ያታልላል። አንድ ፍሬ ወስዳችሁ ቆዳውን በጥፍር ወይም በምላጭ በስሱ ፋቁት። ከቆዳው ሥር ጠቆር ያለ ቡናማ ሽፋን ያለው አለ፤ የሌለውም አለ። ሽፋኑ ያለው ማሽላ ከበድ ያለ፣ አፍን የሚይዝ መራራነት አለው። ወፍ ሌላ ካገኘች አትነካውም። ለጠላ ጥሩ ነው፤ ለእንጀራ ግን ብዙ ሰው አይወደውም። ከላይ ነጣ ብሎ ከሥር ይኸ ሽፋን ያለው ማሽላ ስላለ፣ ሳይፋቅ በዓይን ብቻ አይፈረድም።

አራተኛ፣ ፍሬው ተሰብሮ። ፍሬውን ለሁለት ቁረጡት። ውስጡ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ነው ወይስ እንደ ዱቄት የነጣ ለስላሳ? ጠንካራው ነቀዝን ይቋቋማል፤ በጎታ ይቆያል። ለስላሳው በወፍጮ ቶሎ ይደቅቃል፤ ነገር ግን ነቀዝ ቶሎ ያገኘዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጨረሻው ፈራጅ ምጣድ ነው። እዚህ ላይ የእናቶች ዕውቀት ከሁላችንም ይበልጣል። የትኛው ሊጥ ውኃ ያነሣል? የትኛው እንጀራ ሲያድር አይደርቅም? የትኛው ለንፍሮ፣ የትኛው ለቆሎ፣ የትኛው ለጠላ ይሆናል? ይኸን ወንዶች ማሳ ላይ ቆመው ሊያውቁት አይችሉም። ስለዚህ ዘር ሲመረጥ እናቶች ይጠየቁ። በብዙ ቤት ዘሩን የምትመርጠውም የምትጠብቀውም እናት ናት።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ለይቶ ማወቅን የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስም ነው። አንድ ዘር በአንዱ ወንዝ ማዶ አንድ ስም፣ በሌላው ማዶ ሌላ ስም ይኖረዋል። ሁለት የተለያዩ ዘሮችም በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። «ቀይ ማሽላ» ማለት ስም አይደለም፤ ቀይ ማሽላ ስንት ዓይነት አለ? ስለዚህ ስሙን ስትጽፉ ምልክቱንም አብራችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው መሬት ነው። አንዱ ዘር በረግረጉ ረጅም፣ በጭንጫው አጭር ይሆናል። ይኸ የመሬቱ እንጂ የዘሩ ልዩነት አይደለም። እርግጡን ለማወቅ ሁለቱን በአንድ መሬት ላይ ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን ዘርታችሁ ተመልከቱ። እዚያም ላይ ከተለያዩ እውነትም ይለያያሉ።

ሦስተኛው በሽታና ጥገኛ አረም ነው። አረማሞ የያዘው ራስ ወይም አቀንጭራ ያቀጨጨው አገዳ አዲስ ዓይነት ሊመስል ይችላል። የታመመን ተክል አትምረጡ።

አራተኛው መዳቀል ነው። ማሽላ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ብናኝ ነው የሚያፈራው። ሆኖም ጥቂቱ በነፋስ ከጎረቤት ማሳ ብናኝ ይቀበላል። የራሱ ዓይነት የተበተነ ሲሆን ደግሞ መዳቀሉ ይበዛል። ስለዚህ ከማሳው ዳር የተወሰደ ዘር ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ያልተለመደ ራስ ካያችሁም ዘንድሮ ስም አታውጡለት፤ ለብቻው ያዙት፤ በሚቀጥለው ዓመት ለብቻው ዝሩት። ልጆቹ አባታቸውን ከመሰሉ፣ በሦስተኛውም ዓመት ከመሰሉ፣ ያን ጊዜ ስም ይገባዋል።

ዘሩን መያዝ፣ ስሙን መጻፍ

ዘር የሚመረጠው በአውድማ ላይ ሳይሆን ከማጨዱ በፊት፣ በቆመው ማሳ ውስጥ ነው። በአውድማ ላይ ራሱን ብቻ ታያላችሁ፤ አገዳውን፣ ቅጠሉን፣ ጤንነቱን አታዩም። ከማሳው መሐል ግቡ። አንድ ዓይነት ከሆኑት ውስጥ ጤነኛ የሆኑትን፣ የሚቻል ከሆነ ከ50 ያላነሱ ራሶች ምረጡ። አንድ ትልቅ ራስ ብቻ መምረጥ አይበጅም፤ በዘሩ ውስጥ ያለው የተለያየ ኃይል ይቀርባችኋል።

የተመረጠውን በደንብ አድርቁት። ፍሬው በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከተላመጠ ገና ነው። ጥቂቱን ራስ እንዳለ ከምድጃ በላይ ጭሱ ላይ መስቀል የአባቶች ብልኃት ነው፤ ነቀዝ ይርቀዋል። የቀረውን በደረቅ ቅል ወይም በእንስራ አድርጋችሁ አፉን ድፈኑ። ሁለት ዓይነት ዘር በአንድ ዕቃ አትክተቱ።

ከመዝራታችሁ በፊት ዘሩን ፈትኑት። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ውኃ አርከፍክፉበት። ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። 90 ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው። 60 ከበቀለ አብዝቶ መዝራት ያስፈልጋል። ከዚያ በጣም ካነሰ ከጎረቤት ዘር ፈልጉ። እስከ መቶ መቁጠር ከተማራችሁ ይኸን ማድረግ አያቅታችሁም።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ከዘሩ ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይቀመጥ፤ ሌላዋን ደግሞ በደብተራችሁ ያዙ። በቀለም ሳይሆን በእርሳስ ጻፉት፤ እርሳስ በእርጥበት አይለቅም። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፤

የዘሩ ስም፦ ዘንጋዳ
ሌላ ስም፦ (ካለ)
ዘሩ የተገኘው፦ ከአያቴ ማሳ
የተዘራበት፦ ሚያዝያ 15
የታጨደበት፦ ኅዳር 28
ቁመቱ፦ ከሰው ሁለት እጥፍ
ራሱ፦ የታጨቀ
ፍሬው፦ ቀይ፣ ሲፋቅ ከሥሩ ቡናማ
የሚጠቅመው፦ ለጠላ፤ ወፍም ብዙ አይደፍረውም
ጉድለቱ፦ እንጀራው ይመራል

ጉድለቱንም አትደብቁ። የዘር ጽሑፍ ለገበያ የሚጮህ ደላላ አይደለም፤ ለልጅ የሚተው ኑዛዜ ነው። ልጁ እውነቱን ማወቅ አለበት።

ይኸን ሥራ በየቤታችሁ ጀምራችሁ በመንደር አንድ ላይ ብትሠሩት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ከማንበቢያ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። በመንደሩ ያለው የዘር ስም ሁሉ ይጻፍበት፤ ከጎኑም በማን ቤት እንደሚገኝ ይጻፍ። ከአንድ ስም ጎን አንድ ቤት ብቻ ከተጻፈ፣ ያ ዘር ሊጠፋ ተቃርቧል ማለት ነው። በዚያው ዓመት አንድ ጣሳ ተበድራችሁ ሌላ ሁለት ቤት ይዝራው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳውን ዘር አንድ ገበሬ ይያዘው አንልም፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቢይዝ ግን ሁሉም ይተርፋል። አንዱን ቤት እሳት ወይም ጎርፍ ቢያገኘው ዘሩ በሌላው ቤት ይገኛል።

ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ዛሬውኑ ጠይቁ። «በልጅነትዎ የነበረና አሁን የማናየው ማሽላ ምን ነበር?» በሏቸው። የሚነግሯችሁን ስም ጻፉት። ምናልባት እዚህ የጠፋው ዘር ከተራራው ማዶ ይገኝ ይሆናል። በስሙ ካላወቃችሁት ግን እንዴት ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። እናንተ እስከ አሁን ዘሩን ወርሳችኋል። ከእንግዲህ ስሙንም አውርሱ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ማሳ ስንት ዓይነት ማሽላ አለ? ስማቸውን በየመስመሩ ጻፉ።
2. የአየርላንድ ሕዝብ ድንች ሁሉ በአንድ ጊዜ የጠፋው ለምንድን ነው?
3. ከፍሬው ቆዳ ሥር ያለውን ሽፋን እንዴት ማየት ይቻላል? ምንስ ይነግረናል?
4. ዘር ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመሐል የሚመረጠው ስለ ምንድን ነው?
5. በመንደራችሁ በአንድ ቤት ብቻ የቀረ ዘር አለ? ምን ልታደርጉ አሰባችሁ?